ቋሚ የአይፒ አድራሻና የመሣሪያ ስም በካምፓስ ኔትወርክ፦ ምንነት፣ አሰጣጥና የተገልጋዮች ድርሻ

በኢትዮጵያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ይወስዳሉ፤ የማለፊያ ነጥቡም ከመቶ 50 ነው። የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተዛወረ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተሰጥቷል። ከአሊዩ አምባ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከሌሎች የይፋት ቆላ ከተሞች ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ወይም ሌላ ከተማ ወደሚገኝ ካምፓስ የሚጓዝ ተፈታኝ የዓመታት ድካሙ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይመዘናል። በእነዚያ ሰዓታት የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ፈተናውን መክፈት አለመክፈቱ፣ ተፈታኙ ፈጽሞ በማያየው አንድ መዝገብ ትክክለኛነት ላይም የተመሠረተ ነው። ይህም በግቢው ኔትወርክ ላይ የትኛው ቁጥር ለየትኛው መሣሪያ እንደተሰጠ የሚያሳየው የአድራሻ መዝገብ ነው።

ይህ ማብራሪያ ቋሚ የአይፒ አድራሻና የመሣሪያ ስም ምን እንደሆኑ፣ ለማን እንደሚሰጡ፣ እንዴት እንደሚጠየቁና ችግር ሲያጋጥም ምን መደረግ እንዳለበት ለተማሪዎች፣ ለመምህራን፣ ለሥራ ክፍሎችና ለሌሎች ተገልጋዮች ለማስገንዘብ ተዘጋጅቷል።

አድራሻና ስም ምንድን ናቸው?

በኔትወርክ ላይ ያለ እያንዳንዱ መሣሪያ መልእክት የሚልክበትና የሚቀበልበት ቁጥር ያስፈልገዋል። ይህ ቁጥር የአይፒ አድራሻ ይባላል። በስፋት በሥራ ላይ ባለው አራተኛው ሥሪት አድራሻው በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ 10.20.8.53 አንድ የአይፒ አድራሻ ነው።

አድራሻ በሁለት ዓይነት አኳኋን ይሰጣል። አንደኛው ተለዋዋጭ አድራሻ ሲሆን፣ ዲኤችሲፒ የተባለው አሠራር ለመሣሪያው ለተወሰነ ጊዜ የሚያውሰው ቁጥር ነው። መሣሪያው ከኔትወርኩ ወጥቶ ጊዜው ሲያበቃ ቁጥሩ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ሁለተኛው ቋሚ አድራሻ ሲሆን፣ መሣሪያው ቢጠፋ፣ መብራት ሄዶ ቢመጣ ወይም ወራት ቢያልፉ የማይለወጥ ቁጥር ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት የይፋትን ገበያ ማስታወስ ይጠቅማል። ዛሬ በሰሜን ሸዋ ዞን በአንኮበር ወረዳ የምትገኘው አሊዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ወደ አንኮበር ከመውጣታቸው በፊት የሚያርፉባት ታዋቂ የገበያ ከተማ ነበረች። በማንኛውም ገበያ አልፎ ሂያጅ ነጋዴ ባገኘው ክፍት ቦታ ዕቃውን ሊዘረጋ ይችላል። የጨው ተራና የከብት ተራ ግን በየሳምንቱ ቦታቸውን ቢቀያይሩ ገዢው መሄጃው ይጠፋዋል። በኔትወርክም እንዲሁ ነው፤ ፈላጊ የሆነ መሣሪያ ባገኘው ቁጥር ሊሠራ ይችላል፣ ተፈላጊ የሆነ መሣሪያ ግን ቋሚ ቦታ ያስፈልገዋል።

የመሣሪያ ስም፣ በባለሙያዎች አጠራር ሆስትኔም፣ ቁጥሩን ለማስታወስ ለሚቸገር ሰው የተዘጋጀ መጠሪያ ነው። ስሙን ወደ ቁጥር የሚመልሰው ዲኤንኤስ የተባለው አሠራር ነው። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1983 ከመዘርጋቱ በፊት የመላው ኔትወርክ ስሞችና ቁጥሮች በአንድ ማዕከል በሚዘጋጅ አንድ የጽሑፍ ፋይል ተመዝግበው ለሁሉም ይሠራጩ ነበር። ዛሬ ሥራው በየተቋሙ ተከፋፍሏል። በኢትዮጵያ «ነጥብ ኢቲ» በሚለው የሀገር መለያ ሥር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የትምህርት ተቋማትና የንግድ ድርጅቶች የየራሳቸው ዘርፍ አላቸው። አንድ ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ዘርፍ ሥር ስሙን ካስመዘገበ በኋላ፣ በዚያ ስም ሥር ላሉት የግቢው መሣሪያዎች ስም የማውጣትና መዝገቡን የመጠበቅ ኃላፊነት የራሱ የተቋሙ ይሆናል።

ቋሚ አድራሻ የሚያስፈልገው ለየትኛው መሣሪያ ነው?

ቋሚ አድራሻ የሚያስፈልገው ሌሎች መሣሪያዎች ፈልገው ሊያገኙት ለሚገባ መሣሪያ ነው። ከእነዚህም መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

• ራውተር፣ ስዊችና የዋይፋይ ማሠራጫ፤
• የፈተና፣ የትምህርት፣ የተማሪዎች መዝገብና የፋይናንስ ሥርዓት ሰርቨር፤
• የስም ሰርቨርና አድራሻ አዳይ ሰርቨር፤
• ብዙ ሠራተኞች የሚጋሩት ማተሚያና ስካነር፤
• የደኅንነት ካሜራ፣ የመግቢያ በር መቆጣጠሪያና የሰዓት መቆጣጠሪያ፤
• ከኔትወርክ ጋር የተገናኘ የላቦራቶሪ ወይም የክሊኒክ መሣሪያ።

የግል ላፕቶፕ፣ የእጅ ስልክና የተራ ቢሮ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ አድራሻ አያስፈልጋቸውም። ቋሚ አድራሻ ኢንተርኔትን አያፈጥንም፤ በራሱም የደኅንነት ጥበቃ አይሆንም። በመሆኑም «ኔትወርኩ ስለሚዘገይ ቋሚ ቁጥር ይሰጠኝ» የሚል ጥያቄ ችግሩን አይፈታም። እንዲህ ያለ ቅሬታ የመስመር ወይም የዋይፋይ ብልሽት ሆኖ ቢመዘገብ ተገቢውን መፍትሔ ቶሎ ያገኛል።

ቋሚ አድራሻ የሚሰጥባቸው ሁለት መንገዶች

አንደኛው መንገድ ቁጥሩን በራሱ በመሣሪያው ላይ በእጅ መሙላት ነው። በዚህ ጊዜ ከአይፒ አድራሻው በተጨማሪ የኔትወርኩን ወሰን የሚያሳየው ማስክ፣ የመውጫ በሩ (ጌትዌይ) አድራሻና የስም ሰርቨሩ አድራሻ አብረው መሞላት አለባቸው። ከአራቱ አንዱ ቢሳሳት መሣሪያው በከፊል ብቻ ሊሠራ ይችላል። ለምሳሌ ጌትዌዩ ከተሳሳተ በአቅራቢያው ያሉትን መሣሪያዎች ያገኛል፣ ከግቢው ክፍል ውጭ ያሉትን ግን አያገኝም። የስም ሰርቨሩ አድራሻ ከተሳሳተ ደግሞ በቁጥር ሲጠራ ይገናኛል፣ በስም ሲጠራ ግን አይገናኝም።

ሁለተኛው መንገድ ቁጥሩን በአድራሻ አዳዩ ሰርቨር ላይ ማስያዝ ነው። እያንዳንዱ የኔትወርክ መሣሪያ በፋብሪካ የተሰጠው ባለ 12 ምልክት መለያ አለው፤ ይህም ማክ አድራሻ ይባላል። ሰርቨሩ ይህን መለያ ባየ ቁጥር ለዚያ መሣሪያ ሁልጊዜ የተያዘለትን ያንኑ ቁጥር ይሰጣል። ይህ መንገድ ሁሉም ቁጥሮች በአንድ ቦታ እንዲታዩ ስለሚያደርግና የጌትዌይ ወይም የስም ሰርቨር ለውጥ ሲኖር በየመሣሪያው መዞርን ስለሚያስቀር ለማተሚያ፣ ለካሜራና ለመሳሰሉት ተመራጭ ነው። ራውተሮች፣ ስዊቾችና አድራሻ አዳዩ ሰርቨር ራሱ ግን ቁጥራቸው በእጅ ሊሞላ ይገባል። ምክንያቱም መብራት ሄዶ ሲመለስ ቀድመው መነሣት ያለባቸው እነርሱ በመሆናቸው፣ ገና ካልተነሣ ሰርቨር ቁጥር ሊጠብቁ አይችሉም።

እዚህ ላይ ተገልጋዮች ሊያውቁት የሚገባ ነጥብ አለ። የቅርብ ዓመታት የእጅ ስልኮችና አንዳንድ ላፕቶፖች የባለቤታቸውን ግላዊነት ለመጠበቅ ሲሉ በዋይፋይ ላይ ትክክለኛውን ማክ አድራሻ ደብቀው ሌላ መለያ ያሳያሉ። እንዲህ ያለ መሣሪያ በተፈቀደ ምክንያት ቁጥር እንዲያዝለት ከተፈለገ፣ ለግቢው ዋይፋይ ብቻ ይህ መደበቂያ እንዲጠፋ ማድረግ ያስፈልጋል።

የቁጥሮች ክፍፍል

ዓለም አቀፉ የአይፒ አድራሻ አሠራር በአራተኛው ሥሪት ወደ 4.3 ቢሊዮን የሚጠጉ ቁጥሮች ብቻ ያሉት ስለሆነ ለሁሉም መሣሪያ አይበቃም። ስለዚህ ማንኛውም ተቋም በግቢው ውስጥ ብቻ ሊጠቀምባቸው የሚችላቸው ሦስት የቁጥር ክልሎች ተለይተዋል። እነርሱም በ10 የሚጀምሩት ሁሉ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትና በ192.168 የሚጀምሩት ናቸው። ካምፓሶች ለየሕንፃው ወይም ለየሥራ ክፍሉ ከእነዚህ መካከል የተለየ ክልል ይመድባሉ።

ለምሳሌ ለአንድ ሕንፃ ከ10.20.8.0 እስከ 10.20.8.255 ያሉት 256 ቁጥሮች ተመደቡ እንበል። የመጀመሪያው የኔትወርኩ መጠሪያ፣ የመጨረሻው ደግሞ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚተላለፍ መልእክት መላኪያ ስለሆኑ ለመሣሪያ የሚሰጡት 254 ናቸው። እነዚህን እንደሚከተለው መከፋፈል ይቻላል፦

• ከ1 እስከ 20፦ ለራውተር፣ ለስዊችና ለዋይፋይ ማሠራጫ፤
• ከ21 እስከ 50፦ ለሰርቨሮች፤
• ከ51 እስከ 99፦ ለማተሚያ፣ ለካሜራና ለመሳሰሉት፤
• ከ100 እስከ 250፦ ለተለዋዋጭ አድራሻ፤
• ቀሪዎቹ፦ ለመጠባበቂያ።

የክፍፍሉ ዋና ጥቅም በእጅ የሚሞሉ ቁጥሮችና በሰርቨር የሚታደሉ ቁጥሮች በፍጹም እንዳይደራረቡ ማድረጉ ነው።

የአድራሻ ግጭት እንዴት ይፈጠራል?

አንድ ቁጥር ለሁለት መሣሪያዎች ሲሰጥ የአድራሻ ግጭት ይፈጠራል። አደጋውን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ ካምፓስ ቤተ መጻሕፍቱና የኮምፒውተር ፈተና አዳራሹ በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ የቁጥር ክልል ውስጥ ይገኛሉ። የቤተ መጻሕፍቱ ማተሚያ 10.20.8.53 የሚል ቁጥር በእጅ ተሞልቶለት ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን በመዝገብ አልሰፈረም። ማተሚያው ተበላሽቶ ለወራት መጋዘን ይቀመጣል። ከዚያም ለፈተና ዝግጅት አዲስ የስም ሰርቨር ሲተከል አንድ ባለሙያ ቁጥሩ ነጻ መሆኑን ለማረጋገጥ ፒንግ ያደርጋል። መልስ ስላልመጣ ቁጥሩን ለሰርቨሩ ይሰጠዋል።

በፈተናው ዕለት ጠዋት ማተሚያው ተጠግኖ ይመለስና ይሰካል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የአዳራሹ ኮምፒውተሮች «10.20.8.53 ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ሁለት መሣሪያዎች «እኔ ነኝ» ብለው ይመልሳሉ። የሰርቨሩን መልስ የያዙት ኮምፒውተሮች ፈተናውን ይከፍታሉ፤ የማተሚያውን መልስ የያዙት ግን የፈተናውን ገጽ በስም ፈልገው ያጡታል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሁኔታው ሊገላበጥ ይችላል። ከፊሉ ተፈታኝ ሲጀምር ከፊሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በአዳራሹ ያለ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት የተቋረጠ ይመስለዋል፤ መስመሩ ግን አልተቋረጠም።

ከዚህ ምሳሌ ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ለፒንግ መልስ አለመስጠት ቁጥሩ ነጻ መሆኑን አያረጋግጥም፤ መሣሪያው የጠፋ፣ የተነቀለ ወይም መልስ እንዳይሰጥ የተደረገ ሊሆን ይችላል። ነጻነቱን የሚያረጋግጠው መዝገቡ ነው። ሁለተኛ፣ ያልተመዘገበ ቁጥር ዛሬ ባይጎዳም ነገ ሌላውን ተገልጋይ ሊጎዳ ይችላል። ሦስተኛ፣ ተፈታኞች በሚገለገሉበት ሰዓት አዲስ መሣሪያ መሰካት ወይም ቁጥር መለወጥ ተገቢ አይደለም። ተቋማት ከፈተና በፊት ባሉት ቀናትና በፈተናው ጊዜ ለውጥ የማይደረግበት ወቅት ቢያውጁ ይመከራል።

የመሣሪያ ስም አወጣጥ

የመሣሪያ ስም የሚጻፈው በላቲን ፊደላት፣ በአኃዝና በአጭር ሰረዝ ብቻ ነው። ክፍት ቦታና ሥርዓተ ነጥብ አይፈቀድም፤ ስሙ በሰረዝ መጀመርም ሆነ መጨረስ የለበትም። በነጥብ የሚለየው እያንዳንዱ የስም ክፍል ከ63 ምልክት መብለጥ አይችልም። ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት አያመጡም።

በአማርኛ ስያሜዎች ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአንድ ቦታ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ወጥነት ስለሌለው፣ «አሊዩ አምባ»ን አንዱ በ«አሊዩ»፣ ሌላው በ«አልዩ»፣ ሦስተኛው በ«አሌዩ» አጻጻፍ ሊያሰፍረው ይችላል። «ሸዋ»ም እንዲሁ በተለያየ መንገድ ይጻፋል። አንባቢ ሰው ሦስቱም አንድ መሆናቸውን ይረዳል፤ ለዲኤንኤስ ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ስለዚህ ተቋሙ የሕንፃዎችን፣ የሥራ ክፍሎችንና የቦታዎችን አጻጻፍ አንድ ጊዜ ወስኖ በዝርዝር መያዝና ሁሉም በዚያው እንዲጠቀም ማድረግ አለበት።

ስም ሲወጣ የመሣሪያውን ቦታ፣ ተግባርና ተራ ቁጥር ማሳየቱ ጠቃሚ ነው፤ ለምሳሌ «ቤተ መጻሕፍት፣ ማተሚያ፣ 02» የሚል ይዘት ያለው ስም። በአንጻሩ የሠራተኛ ስም፣ የተማሪ መለያ ቁጥር ወይም የስልክ ቁጥር በመሣሪያ ስም ውስጥ መግባት የለበትም። ሠራተኛው ሲዛወር ስሙ ትርጉም ያጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመሣሪያ ስም ለብዙዎች የሚታይ በመሆኑ የግል መረጃን ያጋልጣል። የግል መረጃ አያያዝ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚገዛ መሆኑም ሊታወስ ይገባል።

ስም ሲመዘገብ ከስም ወደ ቁጥር የሚመራውና ከቁጥር ወደ ስም የሚመልሰው መዝገብ አብረው መሞላት አለባቸው። አንድ አገልግሎት ወደ አዲስ ሰርቨር ሲዛወር ደግሞ ሌሎች ኮምፒውተሮች የድሮውን ቁጥር ለተወሰነ ጊዜ ይዘው ስለሚቆዩ ለውጡ ወዲያውኑ ላይታይ ይችላል። ይህ ጊዜ 24 ሰዓት ከሆነ፣ ከዝውውሩ ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ወደ 5 ደቂቃ ማሳጠር የአገልግሎት መቆራረጥን ይቀንሳል።

የግቢ ውስጥና የውጭ አድራሻ

በግቢ ውስጥ ብቻ የሚሠራ አድራሻ ከውጭ ሆኖ በቀጥታ አይገኝም። በቤቱ ሆኖ የተማሪዎች መዝገብን ወይም የመማሪያ ገጽን የሚከፍት ተገልጋይ የሚደርሰው ተቋሙ ከአገልግሎት አቅራቢው ባገኘው የውጭ ቋሚ አድራሻ በኩል ነው። የውጭ ቁጥሮች ውሱን ስለሆኑና መሣሪያን ለዓለም ሁሉ ስለሚያጋልጡ የሚሰጡት ከውጭ መታየት ላለበት አገልግሎት ብቻ ነው። ማተሚያ፣ ካሜራና የላቦራቶሪ መሣሪያ በውጭ አድራሻ መቀመጥ የለባቸውም።

የግቢው የስም ሰርቨር በግቢው ውስጥ መኖሩ ሌላም ጥቅም አለው። ከውጭው ኢንተርኔት ጋር ያለው መስመር ቢቋረጥ እንኳ በግቢው ውስጥ ያሉት አገልግሎቶች በስማቸው መገኘታቸውን ይቀጥላሉ። የስም ሰርቨሩ ከግቢ ውጭ ብቻ ከሆነ ግን የመስመሩ መቋረጥ በቅርብ ያለውን ሰርቨር ጭምር የማይገኝ ያደርገዋል።

ጥያቄ ሲቀርብ የሚያስፈልጉ መረጃዎች

ቋሚ አድራሻ ወይም ስም የሚፈልግ የሥራ ክፍል ጥያቄውን ለተቋሙ የአይሲቲ ክፍል ሲያቀርብ የሚከተሉትን ማሟላቱ ጉዳዩ ሳይጓተት እንዲታይ ያግዛል፦

• የመሣሪያው ዓይነት፣ የንብረት ቁጥርና ማክ አድራሻ፤
• ሕንፃ፣ የክፍል ቁጥርና የሚሰካበት የግድግዳ መስመር መለያ፤
• መሣሪያው የሚሰጠው አገልግሎትና ተጠቃሚዎቹ፤
• ከግቢ ውጭ መታየት የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑ፤
• የሚፈለገው ስም በላቲን ፊደል፤
• ኃላፊነት የሚወስደው የሥራ መደብና ተተኪው፤
• አድራሻው የሚያስፈልግበት ጊዜ፣ ከመነሻና ከማብቂያ ቀን ጋር።

ቀን ሲሞላ የዘመን አቆጣጠሩ በግልጽ መጠቀስ አለበት። «2018» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ዓመት በኢትዮጵያና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስለሚያስከትል፣ በሥራ ላይ ያለ ቁጥር ዘመኑ እንዳለፈበት ተቆጥሮ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል።

መሣሪያው ሲወገድ፣ ሲዛወር ወይም ወደ መጋዘን ሲገባ የሥራ ክፍሉ ይህንኑ ማሳወቅ አለበት። ቁጥርን መመለስ የመጠየቅን ያህል አስፈላጊ ግዴታ ነው።

ችግር ሲያጋጥም

አንድ አገልግሎት አልከፈት ሲል ተገልጋዩ ራሱ ቁጥር ለመለወጥ መሞከር የለበትም። ከጎን ካለው ኮምፒውተር ቁጥር ገልብጦ መሙላት አንዱን ችግር ሁለት ያደርገዋል። ይልቁንም በማሳያው ላይ የታየውን መልእክት፣ ክፍሉን፣ የኮምፒውተሩን ስምና ችግሩ የታየበትን ሰዓት መዝግቦ ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

ሰዓቱን በትክክል መግለጽ ወሳኝ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚባለው በሰርቨር መዝገብ ላይ 09፡00 ሆኖ ይታያል፤ ሰርቨሩ በዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ 06፡00 ይላል። «3 ሰዓት ላይ ተቋረጠ» የሚል ቅሬታ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑን ካልገለጸ ባለሙያው የተሳሳተ ሰዓት መዝገብ ሊመረምር ይችላል። የፈተና ተፈታኝ ከሆነ ደግሞ ወዲያውኑ እጁን አውጥቶ ለፈታኙ ማሳወቅና የባከነው ጊዜ በጽሑፍ እንዲያዝለት መጠየቅ ይገባዋል፤ በኋላ ለሚቀርብ አቤቱታ ዋናው ማስረጃ በወቅቱ የተያዘ መረጃ ነውና።

በአጠቃላይ በካምፓስ ኔትወርክ ላይ የተሟላ መዝገብ ማለት አንድ ቁጥር ለአንድ መሣሪያ፣ አንድ መሣሪያ ከአንድ መደበኛ ስምና ከአንድ ኃላፊ ጋር ተመዝግቦ መገኘት ማለት ነው። ይህንን መዝገብ የሚይዘው የአይሲቲ ክፍል ቢሆንም፣ እውነተኛ ሆኖ የሚቆየው እያንዳንዱ የሥራ ክፍል የሚሰካውንና የሚነቅለውን መሣሪያ በጊዜው ሲያሳውቅ ነው። የመዝገቡ ትክክለኛነትም ከሩቅ ቦታ ተጉዞ አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጠ ተፈታኝ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ፈተናውን በሰዓቱ እንዲጀምር ያስችለዋል።